ጢሮስ አልጠፋችም፤ ዛሬ ሱር ትባላለች

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ ጥንታዊ የሜዲትራንያን ባሕር ከተሞች በተከታታይ የምታወጡትን ዓምድ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሳላቋርጥ ተከታትያለሁ። ጋዜጣው እኛ ሰፈር የሚደርሰው ዘግይቶ ቢሆንም አንዱ ቅጂ ከእኔ ወደ ጎረቤቴ፣ ከጎረቤቴም ወደ ልጆቹ እየተላለፈ ጠርዙ እስኪያልቅ ይነበባል፤ ስለ ጢሮስ የወጣው ጽሑፍም እዚህ ሐረር፣ በጁገል ቅጥር ውስጥ ከአንድ በላይ በርጫ ላይ መነጋገሪያ ሆኖ ሰንብቷል። ጽሑፉ በአመዛኙ የተደከመበት ነው። ይሁን እንጂ ጢሮስ በታላቁ እስክንድር እጅ ከወደቀች በኋላ ጠፍታ እንደቀረች፣ ዛሬም የዓሣ መረብ ከሚሰጣበት ባዶ ድንጋይ በቀር ምንም እንዳልተረፈ ተደርጎ መደምደሙ ትክክል አይደለም። አብሮ የታተመው ካርታም ከተማይቱን በባሕር መካከል ያለች ደሴት አድርጎ ያሳያል፤ ደሴት መሆኗ ካበቃ ግን ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በላይ ሆኗል።

ሌላውን ለማረም ስነሣ እኔም ከዚሁ ስህተት ንጹሕ አይደለሁም። በታሪክ መምህርነት ባሳለፍኋቸው ከሠላሳ በላይ ዓመታት ጢሮስን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍኋት ሁልጊዜ በኃላፊ ግስ ነበር። ያረመኝ መጽሐፍ ሳይሆን ስልክ ነው። የእህቴ ልጅ ለሥራ ወደ ሊባኖስ ሄዳ መጀመሪያ ቤሩት ቆየች፤ ኋላ ወደ ደቡብ ወርዳ ሌላ ቤት ገባች። ለፋሲካ ደውላ «ጋሽዬ፣ አሁን ያለሁት ሱር ነው» ስትለኝ፣ ሱር የሚባል ከተማ እንደማላውቅ ነገርኋት፤ ጂኦግራፊ ደርቤ ያስተማርሁ ሰው ነኝ እንግዲህ። ዐረብኛ አሳምረው የሚያውቁ ሐረሪ ጎረቤቴ አጠገቤ ተቀምጠው ነበርና ቃሉን ከእኔ አፍ ሲሰሙ ሣቁ፤ «ልጅቱን ግንብ ውስጥ ነው እንዴ የከተቷት?» አሉኝ። ሱር በዐረብኛ እንደ ጁገል ያለ የከተማ ቅጥር ማለት ነውና። ስልኩን ተቀብለው ከእርሷ ከራሷ ከሰሙ በኋላ ግን ቃሉ በላላው «ሰ» ሳይሆን በጠበቀው ድምፅ፣ በእኛ ፊደል ቢጻፍ «ጹር» ተብሎ መጻፍ የሚገባው መሆኑን አስረዱኝ። የነቃሁት ያን ጊዜ ነው። ጹር በጥንቱ የፊንቄ፣ ማለትም የዛሬይቱ ሊባኖስ ባሕር ዳርቻ ሕዝብ ቋንቋ ዐለት ማለት ነው፤ ግሪኮች በራሳቸው አፍ ጢሮስ አሏት፣ እኛም ስሙን ከግሪኩ ተቀብለን እስከ ዛሬ ጢሮስ እንላታለን። ያገሬው ሰው ግን ስሟን ለሦስት ሺህ ዓመት ያህል አልለወጠም።

ወደ ጽሑፉ ልመለስና፣ የእስክንድር ከበባ በደንብ የተተረከ ቢሆንም ለምን ያን ያህል እንደከበደ አልተነገረም። ጢሮስ በእውነቱ ሁለት ከተማ ነበረች። አንዷ ከባሕሩ ዳር ከአንድ ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት በዐለት ደሴት ላይ የተሠራችው፣ በሰሜንና በደቡብ ሁለት ወደብ ያላት የመርከበኞች ከተማ ስትሆን፣ ሌላዋ በትይዩ በየብስ ላይ ያለችው አሮጌይቱ ጢሮስ ነበረች። ለደሴቲቱ ባሕሩ ራሱ ቅጥሯ ነበር፤ ችግሯ የሚጠጣ ውሃ ነበር። የአሦር ንጉሥ ሰልምናሶር ሊያስገብራት በመጣ ጊዜ በወንዙና በውሃው መስመር ላይ ዘብ አቁሞ አምስት ዓመት ውሃ እንደከለከላት፣ ሕዝቡም ጉድጓድ እየቆፈረ እንደተቋቋመው አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ መዝግቦታል። የሐሮማያ ሐይቅ የደረቀ ጊዜ ጀሪካን ይዞ ሌሊት የተሰለፈ የሐረር ሰው ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ሲያነብ፣ ከሌላው አንባቢ ይልቅ ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ ቆም የሚልባት ይመስለኛል። ከአሦር በኋላ ደግሞ የባቢሎኑ ናቡከደነፆር ለ13 ዓመት ከቧት ነበር።

እስክንድር በ332 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ሲደርስ በመጀመሪያ የጠየቀው ለከተማይቱ አምላክ ለመልቃርት መሥዋዕት ለማቅረብ ወደ ደሴቲቱ እንዲገባ ነበር። የጢሮስ ሰዎች፣ መሥዋዕቱን በየብስ ባለችው በአሮጌይቱ ከተማ ማቅረብ እንደሚችል፣ ወደ ደሴቲቱ ግን ፋርስም ሆነ መቄዶንያዊ እንደማያስገቡ መለሱለት። መርከብ በቂ ስላልነበረው አሮጌይቱን ጢሮስ አፍርሶ በድንጋይዋና በሊባኖስ ዝግባ ግንድ በባሕሩ ውስጥ እስከ ደሴቲቱ የሚደርስ ድልድል፣ ማለትም በድንጋይ የተሞላ መንገድ መሥራት ጀመረ። የጢሮስ ሰዎች የሚነድ መርከብ ለቀውበት ሥራውን አቃጠሉት፤ እርሱም ድልድሉን አስፍቶ እንደገና ጀመረ። በመጨረሻ ነገሩን የለወጡት ከሲዶናና ከቆጵሮስ የመጡለት መርከቦች ናቸው፤ የገዛ ዘመዶቿ የፊንቄ ከተሞች ከጠላቷ ጋር ባይቆሙ ኖሮ የከበባው ፍጻሜ ሌላ ይሆን ነበር የሚል እምነት አለኝ። ከሰባት ወር በኋላ ደቡባዊው ቅጥር ተሰብሮ ከተማይቱ ተያዘች። አርያን የተባለው ጸሐፊ 8,000 ያህል ሰው እንደሞተና 30,000 ያህል ለባርነት እንደተሸጠ ጽፏል።

ጸሐፊያችሁ እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀመጠ። ነገር ግን ይህ ከሆነ ከ17 ዓመት ገደማ በኋላ ከእስክንድር ጄኔራሎች አንዱ የሆነው አንቲጎኖስ ጢሮስን እንደገና መክበብ ግድ ሆኖበት፣ ለመያዝም 15 ወር ፈጅቶበታል። የጠፋች ከተማ ከእስክንድር ሰባት ወር ዕጥፍ የሚበልጥ ጊዜ ልትከላከል የምትችለው እንዴት ነው? በሮማውያን ዘመን የፈረስ ጋሪ መሽቀዳደሚያ ሜዳ ተሠራላት፤ ርዝመቱ 480 ሜትር የሚጠጋ ሲሆን የድንጋይ መቀመጫዎቹ ከፊሎቹ እስከ ዛሬ ቆመዋል። ዛሬ በዓለም የሕግ ትምህርት ቤት ሁሉ ስሙ የሚነሣው ሮማዊው የሕግ ሊቅ ኡልፒያን የጢሮስ ተወላጅ ነው። መስቀላውያን በ1124 እ.ኤ.አ. ያዟት፤ የግብፅ ገዦች የነበሩት ማምሉኮች በ1291 ሲገቡባት በእርግጥም ክፉኛ ፈርሳለች፣ ከዚያም ለረጅም ዘመን መንደር ሆና ኖራለች። ፈረሰች የሚባል ከሆነ እንግዲህ ከእስክንድር ይልቅ ማምሉኮችን ማንሣት ይቀርባል።

ደሴቲቱን ከየብሱ ጋር ያያያዘው ያ ድልድል ነው። ማዕበሉ በሁለቱም በኩል አሸዋ እያመጣ ስለከመረበት ጠባቡ የጦር መንገድ በየዘመኑ እየሰፋ ሄዶ ዛሬ ቤት፣ መንገድና ሱቅ የተሠራበት ሰፊ መሬት ሆኗል። የአፈሩን ንጣፍ የቆፈሩ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ደሴቲቱ ማዕበሉን እየከለለች ከጀርባዋ አሸዋ ታስቀምጥ ስለነበር እስክንድር ሲመጣ በዚያ ቦታ ባሕሩ ቀድሞውንም ጥልቅ አልነበረም። ካርታው መታረም አለበት የምለው ስለዚህ ነው፤ ተማሪዎች ቆርጠው ደብተራቸው ላይ ይለጥፉታልና።

ስለ ሐምራዊው ቀለም የተጻፈው አጭር ነበር፤ የከተማይቱ ሀብት ምንጩ እርሱ ሆኖ ሳለ እንዲያ በሁለት መስመር ማለፉ አሳዝኖኛል። ቀለሙ የሚገኘው ከባሕር ቀንድ አውጣ ሲሆን፣ ከእንስሳዪቱ አካል ውስጥ ከአንዲት ትንሽ ዕጢ የሚወጣው ፈሳሽ መጀመሪያ ቀለም የለውም ለማለት ይቻላል፤ ነፋስና ፀሐይ ሲያገኘው ወደ ቢጫ፣ ከዚያ ወደ አረንጓዴ፣ በመጨረሻም ወደማይለቅ ሐምራዊ ይለወጣል። በ1909 እ.ኤ.አ. አንድ የኬሚስትሪ ሊቅ ቀለሙን ሲመረምር ከ12,000 ቀንድ አውጣ ያገኘው 1.4 ግራም ብቻ ነበር። ነገሥታትና ታላላቅ ሰዎች ብቻ ይለብሱት የነበረው እንግዲህ ስላማረ ብቻ አይደለም። ግሪካዊው የጂኦግራፊ ጸሐፊ ስትራቦን፣ የቀለም ቤቶቹ ብዛት ጢሮስን ለመኖሪያ የማትመች ቢያደርጋትም ባለጠጋ እንዳደረጋት ጽፏል፤ ማለት የፈለገው ትሸታለች ነው፤ የቆዳ ማልፊያ አጠገብ ያደገ ሰው ይገባዋል። ዛሬ በእኛው የልብስ ሰፊዎች ጎዳና፣ መኪና ግርግር ላይ ሐምራዊ ጨርቅ ከነጩ አይወደድም፤ ልብስ ሰፊው በዚያው መቀስ ይቆርጠዋል፣ ሙሽራይቱም ከፈለገች ለሚዜዎቿ ሁሉ ታሰፋዋለች። ለዚህ ያበቃን በ1856 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ አንድ የ18 ዓመት ወጣት መድኃኒት ሲፈልግ በአጋጣሚ ያገኘው ሰው ሠራሽ ቀለም ነው።

ሌላው በጽሑፉ ውስጥ ያልተነካው፣ ለእኛ ግን ቅርብ የሆነው ጉዳይ የካርቴጅ ነው። በተለምዶ በ814 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከጢሮስ የወጡ ሰዎች በዛሬይቱ ቱኒዝያ የቆረቆሯት ይህች ከተማ ስሟ በገዛ ቋንቋቸው «ቀርት ሐደሽት» ነበር። ሐደሽት የሚለውን ግዕዝ የተማረ ሰው ያለ አስተርጓሚ ያውቀዋል፤ ሐዲስ ነው፤ ቀርት ከተማ ነው፤ የመልቃርት ስምም «የከተማ ንጉሥ» ማለት መሆኑን ከዚሁ ይረዷል። ድሬዳዋ ባቡሩ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መድረስ ስላልቻለ በ1902 እ.ኤ.አ. ከሥሩ ስትቆረቆር የተሰጣት ስም አዲስ ሐረር እንደነበር የምናውቅ ሰዎች፣ አሮጌ ከተማ ለልጇ የምታወጣላት ስም በየዘመኑ ተመሳሳይ መሆኑን አይተን ፈገግ እንላለን። ካርቴጅ ከእናቷ ይልቅ ገናና ከሆነች በኋላም ለመልቃርት ቤተ መቅደስ በየዓመቱ መባ ትልክ ነበር፤ እስክንድር ጢሮስን ሲይዝ በዚያ ቤተ መቅደስ ተጠግተው ያገኛቸውንም የካርቴጅ መልእክተኞች አልነካቸውም። ድሬዎች ለእኛ መባ ስለመላካቸው ምንም መረጃ የለኝም።

አንድ ነገር በቅንፍ ልጨምር። ጽሑፉ ፊደላችንን የፊንቄ ፊደል ልጅ አድርጎ አቅርቦታል። ግሪኮች ፊደላቸውን ከፊንቄያውያን መውሰዳቸው እውነት ነው፤ የእኛው ግን በደቡብ ዐረብ በኩል የመጣ ሌላ ቅርንጫፍ ነው፣ ከፊንቄው ጋር የሚገናኙት በአያታቸው ነው። አልፍ፣ ቤት፣ ገምል፣ ድንት የሚሉት የፊደል ስሞች ከእነርሱ ጋር መመሳሰላቸው የዝምድና እንጂ የውርስ ምልክት አይደለም።

አሁን እኔን ወደ ብዕር ወደ ገፋፋኝ ዋና ነገር እመጣለሁ። በጽሑፉ መካከል ፍሬምናጦስ «ሶርያዊ» ተብሎ አንድ ጊዜ ተጠቅሷል። ጢሮስ በዚያን ዘመን በሮማ የሶርያ ፊንቄ ክፍለ ሀገር ውስጥ ስለነበረች ቃሉ ሐሰት አይደለም፤ ስለ ጢሮስ በሚናገር ጽሑፍ ውስጥ ግን የጢሮስ ልጅ መሆኑ አለመነገሩ ግር ያሰኛል። ታሪኩን የጻፈልን ሩፊኖስ ወሬውን የሰማው ከፍሬምናጦስ ወንድም ከኤዴስዮስ አፍ መሆኑን ይናገራል፤ ኤዴስዮስ ኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ በጢሮስ ቄስ ሆኗል። ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ ዘመዶቹ የሆኑትን ሁለቱን ልጆች እያስተማረ ወደ ሩቅ አገር ይዟቸው ሄደ። ሲመለሱ መርከቢቱ ውሃና ስንቅ ለመያዝ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ቆመች፤ የአካባቢው ሰዎችም አደጋ ጥለው ያገኙትን ሁሉ ገደሉ። ሁለቱን ልጆች ያገኟቸው ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ነበርና አዝነውላቸው ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው። መምህር ስለሆንሁ ይሆናል፣ መርከባቸው እየተዘረፈ ከዛፍ ሥር ትምህርት የያዙት እነዚያ ሁለት ልጆች ከጠቅላላው ታሪክ ሁሉ ይልቅ ከዓይኔ አይጠፉም። ኤዴስዮስ የንጉሡ መጠጥ አሳላፊ፣ ፍሬምናጦስ ደግሞ ገንዘብ ያዥና ጸሐፊ ሆኑ፤ ንጉሡ ሲሞትም ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ አገሩን አብረዋት እንዲያስተዳድሩ ለመነቻቸው።

ፍሬምናጦስ ሲሰናበት ወደ ጢሮስ አልሄደም፤ እስክንድርያ ሄዶ ጳጳስ እንዲሾም አትናቴዎስን ለመነ፤ አትናቴዎስም ከአንተ የሚሻል ማን አለ ብሎ ራሱን ሾመው። እኛ አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃን እያልን በየዓመቱ ሐምሌ 26 የምናከብረው እርሱን ነው። በዘመኑ የኢዛና ሳንቲሞች ላይ የጨረቃና የፀሐይ ምልክት ቀርቶ መስቀል መታየት የጀመረው እርሱ በመራው ለውጥ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ እስክንድርያን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ሲያውቃት ጢሮስን የሚያስታውስ የጠፋው፣ ጳጳሳት እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ይመጡልን የነበረው ከእስክንድርያ ስለነበረ ይመስለኛል፤ ሹመት ከሚመጣበት አገር ይልቅ ሰውዬው የተወለደበት አገር ይረሳል። አንድ የሚገርም ነገር ግን አለ። አትናቴዎስን ባላጋራዎቹ ከሰው ያወገዙትና ለስደት የዳረጉት በ335 እ.ኤ.አ. በዚያችው በጢሮስ በተሰበሰበ ጉባኤ ነበር። በጢሮስ ያን ያህል የተበደለው ሰው፣ የጢሮሱን ልጅ የኢትዮጵያ ጳጳስ ያደረገው ያው አትናቴዎስ ነው።

ከዚያ በፊትም ቢሆን ጢሮስ ለእኛ እንግዳ አልነበረችም። የንግሥተ ሳባን መንገድ እያስታወስን የምንተርከው የሰሎሞን ቤተ መቅደስ፣ ዝግባው በባሕር ተንሳፎ የመጣው በጢሮስ ንጉሥ በኪራም ትእዛዝ ነው፤ ናሱን ያፈሰሰው የጥበብ ሰውም የጢሮስ ሰው ልጅ ነበር። ሰሎሞን በምላሹ በገሊላ 20 ከተሞች ሰጥቶት፣ ኪራም ሄዶ ቢያያቸው አላስደሰቱትም፤ ነጋዴ ነውና ሒሳቡን ያውቃል።

የእህቴ ልጅ ከላከችልኝ ፎቶግራፎች አንዱን አሳትሜ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። ከፊት ለፊት ትንንሽ ሰማያዊና ነጭ ጀልባዎች የቆሙበት ወደብ ይታያል፤ ከጀልባዎቹ አጠገብ ሲሚንቶው ላይ መረብ ተሰጥቷል፤ ከጀርባው በረንዳው ላይ ልብስ የተሰጣበት ባለ ሦስት ፎቅ ቤት፣ ከዚያም የቤተ ክርስቲያን ደወል ማማ አለ። መረቡ መኖሩን ጸሐፊያችሁ ልክ ነበር፤ መረቡን የሚያሰጡት ግን ማታ ወደ ቤታቸው የሚገቡ ሰዎች ናቸው። ከተማይቱ በ1984 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች፤ የእኛ ጁገል በ2006 እ.ኤ.አ. የተመዘገበበት ያው መዝገብ ነው። ሮማዊው የድል በርና መቃብሮቹ ባሉበት በአል ባስ፣ ከፍርስራሹ አጥር ጎን የፍልስጤም ስደተኞች መጠለያ ይገኛል።

በመስከረም 2017 ዓ.ም. የአየር ድብደባው ሲበረታ ልጅቱ ከቀጣሪዎቿ ጋር ወደ ቤሩት ሸሽታ ነበር። ለአሥራ አንድ ቀን ስልኳ አልሠራም፤ እናቷ በእነዚያ ቀናት ምን እንደሆነች እዚህ አልጽፈውም። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ዩኔስኮ ጢሮስን ጨምሮ በሊባኖስ ላሉ 34 ቅርሶች በጦርነት ጊዜ የሚሰጠውን ከፍተኛ ጥበቃ ሰጥቷል። ተኩሱ ከቆመ በኋላ ልጅቱ ተመልሳለች፤ የሰፈሩ ዳቦ ቤት መስታወቱ ረግፎ በላስቲክ ተሸፍኖ እንደሚጋግር ነግራኛለች።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ እርማት እንድታወጡ፣ ካርታውንም ስታስተካክሉ ጢሮስ ከሚለው ስም ጎን «ሱር» ብላችሁ እንድትጽፉበት በአክብሮት እጠይቃለሁ። እዚህ እኛ ሰፈር ብቻ ልጆቻቸው ስልክ ደውለው «ሱር ነኝ» ያሏቸው፣ እኔ የማውቃቸው ሦስት ቤተሰቦች አሉ፤ ጋዜጣውም በየተራ ይደርሳቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ የታሪክ መምህር
ሐረር፣ ጁገል